በጣሳ የተቆጠረው መስቀለኛ

መጀመሪያ ቀን የሰጡኝ ዕቃ ዲጂኖ ነው። ከምሳ በኋላ አካፋ ጨመሩልኝ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ የመንገድ ምልክት አሸከሙኝና «ከትምህርት ቤቱ በታች የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ሄደህ ትከለው» አሉኝ። ያሉኝ የማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ፎርማን ጋሽ ታፈሰ ናቸው። አጭር፣ ኮስታራ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ሁሉ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ተከልኩት። ምሰሶውን በቱንቢ አቀናሁ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቀጠቅሁ፣ ሲሚንቶ አፈሰስሁ። ኮራሁበት። በነጋታው ጋሽ ታፈሰ መጡ፣ ምልክቱን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ደምሴ፣ ይኼን ለማን ነው የሰቀልከው?»

«ለመኪና ነዋ፣ ጋሼ።»

«መኪናው የሚመጣው በዚህ ነው። ፊቱን ያዞርከው ወደ ማሽላው ነው። ለላሞች ነው የሰቀልከው?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? እውነቱን ለመናገር፣ የተቀባውን ወገን ወደ እርሻው ያዞርኩት የከሰዓት ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው ብዬ ነበር። የኛ አገር ፀሐይ ቀይ ቀለም በሁለት በጋ ነጭ ያደርጋል። ምልክት የሚሰቀለው እንዲያነብቡት መሆኑን አላሰብኩም። እኔ ራሴ አላነብማ። ከቀወት ገጠር ወጥቼ ከተማ ስገባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም።

በአራተኛው ዓመት ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ገባሁ። ጉልበቴን አጥፌ ለሕፃን በተሠራ ዴስክ ተቀመጥኩ። ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል መናኸሪያው መውጫ ላይ ራሴ የተከልኩት ነው፤ «ቁም» ይላል። ሁለት ፊደል። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ብሎኑን አጥብቄዋለሁ፣ ያን ቀን ግን ቆሜ አነበብኩት። አንዱ የጋሪ ነጂ «ምነው፣ አንተን ነው እንዴ የሚለው?» ብሎኝ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ማመን ጀመርኩ። በስተርጅና ያገባ ሰው ሚስቱን እንደሚያምናት ወረቀትን አመንኩ። ወረቀት ላይ ያለ እውነት ነው፤ የሌለ የለም። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ነኝ ያመጣሁት።

ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር። ጉድጓዱ እስከ ጭንህ ሥር ካልደረሰ ምሰሶው አንድ ክረምት አይሻገርም። ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ከታች ጫፉ ላይ የብረት መስቀለኛ ይበየድበታል፤ አለዚያ ሌባ አሽከርክሮ ይነቅለዋል። ፀረ ዝገት ሳይቀቡ ቀለም የሚቀቡ ሰነፎች አሉ። ሰው ደግሞ ምሰሶ ካየ አህያ ያስራል። እኔ ከሞት የተረፈ ምልክት ተክዬ አላውቅም ብል ይቀላል፤ አንዱን አይሱዙ ይገጨዋል፣ አንዱ ላይ የምርጫ ወረቀት ይለጥፉበታል፣ አንዱ ላይ ልብስ ያሰጡበታል። ከቀን ሠራተኛነት ቋሚ ሆንኩ፣ ከቋሚነት የምልክት ሠራተኛ ሆንኩ። ፎርማን አልሆንኩም። ጋሽ ታፈሰ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ዲጂኖ በየትኛው ጫፍ እንደሚይዙት ለማያውቅ፣ ግን ሰርተፊኬት ላለው ሰው ተሰጠ። ይኼን የምጽፈው ቂም ስላለብኝ ነው። አለብኝ።

አሁን ወደ ነገሬ።

ከተማችን ውስጥ «ዋርካው ሥር» የምንለው መስቀለኛ አለ። ከመናኸሪያ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን አስፋልት፣ ከገበያው ቁልቁል የሚወርደው ኮብልስቶን ያቋርጠዋል፤ ከዚያ ተሻግሮ ወደ ወንዙ ወገን ይሄዳል። ምልክት አልነበረውም። ሕግ ግን ነበረው፦ ቀድሞ ጥሩምባ የነፋ ያልፋል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ያከብረዋል። ከገበያ የሚወርደው ከሩቅ ይነፋል፣ በአስፋልቱ የሚመጣው ሰምቶ ይቆማል። ሁለቱም እኩል ከነፉ እግዜር ያውቃል። ማሾ የተጫነች አህያ ደግሞ ጥሩምባ አትነፋም።

አንድ ቀን አንዱ ባጃጅ እንዲህ ያለችውን አህያ ገጫት። አህያዋ ተነሣች፤ ጆንያው ግን ተቀዶ ማሾው በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። የሠፈሩ ሰው ተፈራርሞ «ምልክት ይደረግልን» ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ኮሚቴ ተሰየመ። የከተማው ኢንጂነር፣ አንዲት የትራፊክ ሳጅን፣ የባጃጅ ነጂዎች ተጠሪ ሰይድ፣ አንድ የሠፈር ሽማግሌ። ኢንጂነሩ ከልጄ ያንሳል፤ እኔ ግን «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱም «ጋሽ ደምሴ» ይለኛል። ክፉ ልጅ አይደለም። ጠርቶ አንድ ቅጽ ሰጠኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ዋርካው ሥር ሦስት ቀን ተቀምጠው ይቁጠሩልኝ። የሚያልፈው ብዛት ካልታወቀ ቁም ማለት አንችልም። አላስፈላጊ ቦታ ላይ ቁም ካልን ሰው አስፈላጊውም ቦታ ላይ መቆም ይተዋል።»

ይኼኛው ንግግሩ ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው።

ቅጹ ቆንጆ ነው። በመስመር ተከፋፍሏል፦ ከባድ ተሽከርካሪ፣ ቀላል ተሽከርካሪ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት። በየሰዓቱ ቤት ቤት አለው። እኔ ደምሴ፣ ቅጽ ተሰጠኝ! ደረቴ ኪስ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቼ ሄድኩ፤ አንዱ ቢያልቅ ብዬ።

የተቀመጥኩት እትዬ አሰለፈች አጠገብ ነው። እትዬ አሰለፈች ከገበያው በሚወርደው መንገድ በስተቀኝ፣ ማዕዘኑ ላይ በአራት እንጨት የቆመ የፕላስቲክ ጥላ አላት። ማሾ፣ ሽምብራ፣ ሎሚ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ናት። ከገበያ የሚወርድ ሰው የረሳውን ከሷ ይገዛል፤ ቦታው ነው የሚያኖራት። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ በምላስ ደግሞ ከሁላችን።

«ምን እየጫርክ ነው?» አለችኝ።

«መኪና እየቆጠርኩ ነው።»

«ሰዉንስ?»

«ሰው ቦታ የለውም።»

«የት?»

«ወረቀቱ ላይ።»

ወረቀቱን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ማንበብ አትችልም። «ይሄ ሁሉ ቤት ተሠርቶ ለሰው አንድ ክፍል ጠፋ? ለአህያስ?»

«የለም፣ እትዬ። ተይኝ፣ ባጃጅ አመለጠኝ።»

«እንግዲያ እኔ እቆጥርላቸዋለሁ» ብላ ባዶ ጣሳ አወጣች። ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ፍሬ ማሾ፣ አህያ ባለፈ ቁጥር አንድ ፍሬ ሽምብራ ጣሳው ውስጥ ትጥል ጀመር። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሦስቱንም ቀን ቆጠረች። ደንበኛ ሲመጣባት እንኳ እየሰፈረች በሌላው እጇ ትጥላለች። አንድ ሰውዬ ሦስት አህያ እየነዳ ሲያልፍ «ሦስት ሽምብራ አንድ ማሾ፤ ሰውየው ነው ትንሹ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ልንነሣ ስንል ጣሳውን ሰጠችኝ። ከአፉ ትንሽ ጎድሏል።

«ይኸው የኔ ቆጠራ። ለአለቃህ ስጥልኝ። ደግሞ ንገረው፤ የገበያ ቀን ብትቆጥሩ ኖሮ አንድ ጣሳ አይበቃም ነበር፣ ቁና ነው የሚያስፈልገው በልልኝ።»

እውነቷን ነው። ከሦስቱ ቀን አንዱም የገበያ ቀን አልነበረም። ቀኑን የመረጠው ኢንጂነሩ ነው፤ ከደጋ የመጣ ነው፣ የኛን ገበያ ገና አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ። ደግሞስ ቅጹ ላይ «ገበያ» የሚል ቤት የት አለ?

ጣሳውን ይዤ ቤት ገባሁ። ለኢንጂነር የማሾ ጣሳ ይዤ ብሄድ መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ። አንዴ ለላሞች ሰቅለሃል ተብዬ ስቀውብኛል፤ አሁን ማንበብ የምችል ሰው ነኝ። ጣሳውን ጓዳ አስቀመጥኩት። በነጋታው ጾም ነበር። ባለቤቴ ዘነበች «ይሄ ማሾ ከየት ነው?» ብትለኝ «እትዬ አሰለፈች ሰጠችኝ» አልኳት። «እጇ ይባረክ» አለችና ሽምብራውን ለቅማ ለቆሎ አስቀረችው፣ ማሾውን ወጥ ሠራችው።

በላን። ጣፋጭ ነበር።

ቅጹን አስረከብኩ። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። ኢንጂነሩ «በጣም ንጹሕ ሥራ ነው፣ ጋሽ ደምሴ» አለኝ፤ ያን ቀን እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት። ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። የተሽከርካሪው ብዛት ለቁም ምልክት የሚያበቃ አይደለም፤ ሳጅኗ አልፎ አልፎ ብቅ ትበል፤ ነገሩ ወደፊት ይታይ። ለአመልካቾቹ ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤውን ለሠፈሩ ሽማግሌ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ወረቀቱ ካለ» አሉ።

ብዙም አልቆየ። በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንዱ ባጃጅ ከገበያ ሲወርድ ነፋ፤ ሌላው በአስፋልቱ ሲመጣ ነፋ። እኩል ነፉ። ሁለቱም የኔ ነው ብለው ገቡ። መሐል ላይ ጭነት የያዘች አህያ ነበረች። የወረደው ባጃጅ ከአህያዋም ከጓደኛውም ላምልጥ ብሎ ጠመዘዘ፣ ቀጥታ እትዬ አሰለፈች ጥላ ሥር ገባ። እኔ ጤና ጣቢያው በር ላይ ምሰሶ እየቀባሁ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ሎሚው እስከ ቦዩ ተንከባሏል፣ እሷ ተቀምጣ ነበር፣ እግሯ ግን የተቀመጠው በሌላ አቅጣጫ ነው። አላለቀሰችም። «ጥላዬን አንሡልኝ፣ ፀሐይ ገባብኝ» ነው ያለችው። ሪፈር ተጻፈላት፤ በደብረ ሲና ዳገት ወደ ደጋው ሆስፒታል ወሰዷት።

ስትመለስ ቤቷ ሄድኩ። እግሯ በጄሶ ታስሮ ትራስ ላይ ተጋድሟል። ሐኪሞቹ ያለ ከዘራ አትሄጂም ብለዋታል። ሎሚ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ለሎሚ ሻጭ ሎሚ።

«ጣሳዬስ?» አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ቤት አለ።»

«መለኪያዬ ነው እኮ። አለቃህ ምን አለ? ቆጠራዬን አየው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸሁም። በሥራዬ ሰነፍ አይደለሁም፣ በውሸትም ሰነፍ አይደለሁም፤ ግን እግሯ ፊት ለፊቴ ነበር።

«አላሳየሁትም፣ እትዬ። ወጥ ሠራንበት።»

ያመጣሁትን ሎሚ ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ከዚያ «ጣፈጠ?» አለችኝ።

«ጣፍጧል።»

«ደኅና ማሾ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁና ዋርካው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ማንም አላዘዘኝም። ጣሳዋን፣ አንድ ቁና ማሾና አንድ ሰሃን ሽምብራ ይዣለሁ። ከንጋት እስከ ገበያው መበተኛ ቆጠርኩ። ጣሳው ከቀትር በፊት ሞላ። ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጥኩት፣ እንደገና ሞላ። አላፊው ሁሉ ያፌዝብኛል። ሰይድ ራሱ ባጃጁን አቁሞ «ያ ደምሴ፣ ፀሐይዋ መታችህ እንዴ? ማሾ ልትዘራ ነው?» አለኝ። «አንተም አንድ ፍሬ ነህ፣ ወርደህ ስትሄድ» አልኩት።

ማታውን ፍሬ በፍሬ ቆጠርኩ። ከዚያ የቀድሞውን ቅጽ ቅጂ አወጣሁና ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። እዚያ ላይ በሁለት ረድፍ ከፍዬ ጻፍኩ፦ ሰው፣ አህያ። ከታች ደግሞ «የፊተኛው ቆጠራ የገበያ ቀን አልነበረም። አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም» ብዬ ፈረምኩ።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን በፊቱ ወገን አየው። «ይሄን እኮ አይቼዋለሁ፣ ጋሽ ደምሴ።»

«ይገልብጡት።»

ገለበጠው። አነበበ። እንደገና አነበበ። «ለምን በወቅቱ አልነገሩኝም?»

«ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

«አፍ አልነበረዎትም?»

«ነበረኝ፤ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት።»

አልተቆጣም። «ቀኑን ስመርጥ ልጠይቅዎ ይገባ ነበር» ብሎ ኮሚቴውን እንደገና ጠራ። በዚህኛው ስብሰባ እኔም ገባሁ፤ በር አጠገብ ወንበር ሰጡኝ።

ሳጅኗ «አራቱም ላይ ቁም ይደረግና ይለቅ» አለች።

ሰይድ ተነሣ። «ወላሂ ሳጅን፣ ከወንዙ ወገን የሚመጣው ዳገት ነው። ሦስት ሰው ጭኜ ዳገት ላይ ቁም ስትይኝ ወደ ኋላ ነው የምሄደው። ደግሞ አራታችንም ቆመን ማን ይሂድ? ተፋጥጠን ልንቀር ነው?»

«ድሮስ በጥሩምባ አይደል የምትሄዱት?» አለች ሳጅኗ።

«ጥሩምባው እስከ ዛሬ አኑሮናል።»

«እትዬ አሰለፈችን አላኖራትም» አልኩ። ሰይድ ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላ ቀስ ብሎ «እውነት ነው» አለ።

እየተነጋገርን ነገሩ ጠራ። አስፋልቱ ይለፍ፤ ኮብልስቶኑ በሁለቱም ወገን ይቁም። በወንዙ ወገን ከመገናኛው ትንሽ ወረድ ብሎ ሜዳ አለ፤ ምልክቱ እዚያ ይተከል፣ ባጃጁ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት። በገበያው ወገን ማዕዘኑ ላይ ይሁን።

«ማዕዘኑ ላይ ጥላዋ አለ» አለ ኢንጂነሩ። «ጎረቤቶቿ አቁመውላታል። ስትድን ትመለሳለች። ከጥላው ኋላ እንትከለው?»

ሁሉም «አዎ፣ አዎ፣ ተጎድታለች እኮ፣ አትነካ» አሉ። ርኅራኄ ቤቱን ሞላው። እኔ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከገበያ የሚወርድ ነጂ ጥላውን እንጂ ምልክቱን አያይም፤ ሲያየው መስቀለኛው ላይ ደርሷል። በአስፋልቱ የሚመጣውም በዚያው ጥላ ይሸፈንበታል። አፌ ሊዘጋ ፈልጎ ነበር።

«ጥላው ካልተነሣ አልተክልም» አልኩ። «አንዴ ለላሞች ሰቅያለሁ። ሁለተኛ አልሰቅልም።»

ስለ ላሞቹ ያወቀ አልነበረም፤ ግን ገባቸው። ማንም ልንገራት የሚል አልተገኘም። እኔ ሄድኩ።

እትዬ አሰለፈች ጣሳዋን ከእጄ ተቀብላ ውስጡን አየችው፤ ባዶ ነው። ሰማችኝ። ሌላ ቦታ ከገበያው አጥር ኋላ እንደሚሰጣት ነገርኳት።

«እዚያ ማን ያልፋል?» አለች።

«ብዙ ሰው አያልፍም።»

«መጀመሪያ ቆጠራዬን በላህ። አሁን ቦታዬን።»

«አዎ።»

«ልመልስህ ብል እኮ አቅም አለኝ። ሄጄ ብቀመጥ የሚያነሣኝ የለም።»

«የለም» አልኳት። እውነት ነው፤ ያን እግር ይዛ ብትቀመጥ የሚነካት አልነበረም። ምልክቱም በዚያው ይቀር ነበር።

ጣሳዋን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «አንሡት» አለች። «ሌላ አሰለፈች አልሻም።»

ጥላውን የፈታሁት ራሴ ነኝ። አራቱን እንጨት ነቅዬ በፕላስቲኩ ጠቀለልኩና ቤቷ አደረስኩ። ከአራቱ ጉድጓድ ለመንገዱ የቀረበውን መረጥኩ፤ አፈሩ ልል ስለሆነ እስከ ጭኔ ለመድረስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። የብረት መስቀለኛ አስበየድኩ፣ ፀረ ዝገት ቀባሁ፣ በቱንቢ አቀናሁ። ሲሚንቶው ከመጥበቁ በፊት ቁልቁል ከገበያው እየተራመድኩ መጥቼ ሦስት ጊዜ አየሁት። ከሩቅ ይታያል። ቁም።

ሁሉም አይቆምም። ግማሹ ይቆማል፣ ግማሹ እግሩን ፍሬን ላይ ሳያሳርፍ ያልፋል። ጥሩምባው ግን እየቀነሰ ነው፤ ሰይድ ራሱ ያልቆመ ሲያይ ይሳደባል። ከዚያ ወዲህ እዚያ የተሰበረ ሰው የለም፤ የተሰበረች አህያ አለች። እትዬ አሰለፈች ከአጥሩ ኋላ ናት። ሽያጯ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ሳትሸጥ ትገባለች። ማሾ ከሷ ነው የምገዛው። ስትሰፍርልኝ «ቆጥረህ ውሰድ» ትለኛለች። እሷም አትስቅ፣ እኔም አልስቅ።

ጡረታ ወጥቻለሁ። ከኔ በኋላ ቅጽ ለምትሞሉት የምነግራችሁ ይኼንኑ ነው። ቅጹ ቦታ ያልሰጠው ነገር ካያችሁ ወረቀቱን ገልብጡና ጀርባው ላይ ጻፉት። ስትጨርሱ ፈርሙበት።